ከማታሪ እስከ ዌስትላንድስ፦ የናይሮቢ ሕሙማን በደል ወደ አደባባይ የወጣበት መንገድ

ዌስትላንድስ ከናይሮቢ መሀል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከሙዚየም ሂል ማዶ፣ ዋያኪ ዌይን ተከትሎ የተዘረጋ ሰፈር ነው። ዛሬ በመስታወት ሕንፃዎቹና በገበያ አዳራሾቹ ይታወቃል፤ በሕክምናም ቢሆን ስሙ ትልቅ ነው። በሰፈሩና በጎረቤቱ በፓርክላንድስ የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ኤም ፒ ሻህ ሆስፒታልና በቺሮሞ ሌን የሚገኘው የግል የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ይገኛሉ። የሚከፍለው ያለው የናይሮቢ ሰው ሲታመም ወደዚህ ይመጣል። የሌለው በምሥራቅ ወደ ፑምዋኒና ወደ ማማ ሉሲ ሆስፒታሎች፣ በቲካ መንገድ ወደ ማታሪ የአእምሮ ሆስፒታል፣ ነገሩ ሲብስ ደግሞ ወደ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ይሄዳል። በሕሙማን ላይ የሚፈጸም ቸልተኝነትና በደል በጋዜጣና በቴሌቪዥን ሲጋለጥ የኖረው በአብዛኛው በእነዚህ በኋለኞቹ ተቋማት ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ሥሩ ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ጊዜ ይጀምራል።

ናይሮቢ በ1899 የባቡር ማረፊያ ሆና ተቆረቆረች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1902 ወረርሽኝ ሲገባ ባለሥልጣናቱ የሕንዳውያኑን ገበያ በእሳት አነደዱት። በ1913 ደግሞ ፕሮፌሰር ሲምፕሰን የተባሉ የጤና አጥኚ ነጩ፣ ሕንዳዊውና አፍሪካዊው ለየብቻ ይስፈሩ የሚል ምክር ጻፉ። ምክሩ ቀድሞ የተጀመረውን መለያየት አጠናከረው። ከፍ ያለው የምዕራቡና የሰሜኑ መሬት፣ ዌስትላንድስና ፓርክላንድስ ጭምር፣ ለአውሮፓውያንና ለሕንዳውያን ሆነ፤ አፍሪካውያን ወደ ምሥራቁ ዝቅተኛ መሬት ተገፉ። ሆስፒታሎቹም ይህንኑ መስመር ተከተሉ፤ የነጩ፣ የሕንዱና «የአገሬው ተወላጅ» ሕክምና ለየቅል ሆነ። ዛሬ ኬንያታ ብሔራዊ የሚባለው ሆስፒታል በ1901 ሲጀመር ለአገሬው ተወላጅ የተመደበ ነበር።

ማታሪ በዚያን ጊዜ ከከተማ ውጭ ይቆጠር በነበረ ቦታ ላይ ቆመ። አስቀድሞ የፈንጣጣ በሽተኞች ማግለያ የነበረው ጊቢ በ1910 የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሆነ፤ በ1924 ማታሪ የሚለውን ስም ያዘ። ውስጡም በዘር የተከፋፈለ ነበር፤ ለአውሮፓውያን፣ ለእስያውያንና ለአፍሪካውያን የተለያየ መኝታና የተለያየ ምግብ ይሰጥ ነበር። የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን ሲቋቋም ማታሪ ሩብ ምዕተ ዓመት ያለፈው ተቋም ነበር። ሁለቱ አንድ ዕጣ ነበራቸው፦ ስማቸው ራሱ ስድብ ሆኗል። አዲስ አበቤ «አማኑኤል ግባ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ናይሮቢ ውስጥም ማታሪን መጥራት ከዚያ የተለየ ትርጉም የለውም።

በማታሪ ስለሚኖሩ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲጽፉ የኖሩት በላያቸው የተሾሙት ሐኪሞች ናቸው። በ1930ዎቹ ሄንሪ ላይንግ ጎርደን የአፍሪካውያን አእምሮ ከሌላው ሰው ያነሰ መሆኑን አረጋገጥሁ ብሎ ተነሣ፤ ለዚሁ የሚሠራ ማኅበርም በናይሮቢ ተቋቁሞ ነበር። ቀጥሎ ከ1938 እስከ 1950 ሆስፒታሉን የመራው ጆን ካሮተርስ፣ ወደ ሹመቱ ሲመጣ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ያልነበረው ሰው፣ ማታሪ ውስጥ ባያቸው በሽተኞች ላይ ተመሥርቶ ስለ አፍሪካዊው ሁሉ ደመደመ። በ1953 የዓለም ጤና ድርጅት ሥራውን አሳተመለት፤ በ1954 የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ስለ ማው ማው ዓመፅ እንዲጽፍ አደረገው። የመሬት ጥያቄ ያነሣን ሕዝብ እንደ በሽተኛ ማየት ለገዢዎቹ የተመቸ ነበር። የአእምሮ ሐኪሙና ጸሐፊው ፍራንዝ ፋኖን በ1961 ካሮተርስን በስሙ ጠርቶ ተቸው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ የታካሚው ድምፅ አይሰማም። ስለ አእምሮው ተጽፏል፤ ስለ አልጋው፣ ስለ ምግቡና ስለተቆለፈበት በር ግን እምብዛም።

በሌላው ዓለም የተቋማትን በር የከፈተው ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነበር። በ1887 ኔሊ ብላይ የተባለች የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ እብድ መስላ በብላክዌልስ ደሴት የሴቶች ማቆያ ገባችና አሥር ቀን ቆይታ ያየችውን ጻፈች። በ1972 የቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ጄራልዶ ሪቬራ በስታተን ደሴት ወደሚገኘው የዊሎብሩክ የአእምሮ ዕክል ያለባቸው ልጆች ተቋም ካሜራ ይዞ ገባ፤ በ2011 የቢቢሲው ፓኖራማ በእንግሊዝ በዊንተርቦርን ቪው ሆስፒታል በድብቅ ቀረጸ። ስልቱ በመቶ ሃያ አራት ዓመት ውስጥ ብዙም አልተለወጠም፦ ተመሳስሎ ወይም ሳይጋበዙ መግባት፣ ዝም ብሎ ማየት፣ ወጥቶ መናገር።

ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣ ሆስፒታሎቹ በዘር መለየታቸውን ተዉ፤ በገንዘብ መለየታቸው ግን ቀጠለ። ለሕሙማኑ አያያዝ ከሁሉ የከፋው ለውጥ የመጣው ከሀያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። በ1989 መጨረሻ፣ አበዳሪዎች ባዘዙት የኢኮኖሚ ማሻሻያ ምክንያት፣ መንግሥት በሕዝብ ሆስፒታሎች «የወጪ መጋራት» የሚባል ክፍያ ጀመረ። በ1990 አቋርጦት ነበር፤ በ1992 መለሰው። ሆስፒታሉ ራሱ ገንዘብ ሰብሳቢ ሆነ። መክፈል ያልቻለ ታካሚ ድኖም አይወጣም፤ የሞተም እንደሆነ ሬሳው ለቤተሰብ አይሰጥም። ይህ ልማድ ሕግ አልነበረውም። በ1998 በሞምባሳ የታየ አንድ ጉዳይ ሬሳን ለዕዳ መያዣ ማድረግ የሕግ መሠረት እንደሌለው አሳይቷል። ሆኖም ልማዱ እንደቀጠለ ኖረ፤ በየሆስፒታሉ በር የሚቆመው ዘበኛም ሥራው የሚገባውን ከመጠበቅ ይልቅ የሚወጣውን መጠበቅ ሆነ።

በ2007 የኬንያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር (ፊዳ ኬንያ) እና መቀመጫው ኒው ዮርክ የሆነው የተዋልዶ መብቶች ማዕከል አንድ ሰፊ ሪፖርት አወጡ። የተጻፈው በጋዜጠኞች ባይሆንም የምርመራ ጋዜጠኝነት ሥራ ነበር፤ እናቶች ወልደው ከወጡ በኋላ አንድ በአንድ ተጠይቀው የነገሩት ነው። ምጥ ላይ መሰደብ፣ በጥፊ መመታት፣ ያለ ማደንዘዣ መሰፋት፣ አንድ አልጋ ለሁለት ተጋርቶ ማደር፣ ወልዶ መታሰር። ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ፑምዋኒ የወሊድ ሆስፒታል ነው፤ በ1920ዎቹ ለአፍሪካውያን እናቶች ተብሎ የተመሠረተውና በአገሪቱ ካሉት የወሊድ ሆስፒታሎች ትልቁ። ማኅበሩ ጉዳዩን ለኬንያ ብሔራዊ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቀረበ፤ ኮሚሽኑም ሕዝባዊ ምርመራ አድርጎ ውጤቱን በ2012 አሳተመ።

በመሀሉ በነሐሴ 2010 አዲሱ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። አንቀጽ 28 ክብርን፣ አንቀጽ 43 ጤናን፣ አንቀጽ 35 መረጃ የማግኘት መብትን ደነገጉ። ከዚህ በኋላ የሚጋለጥ በደል አሳፋሪ ዜና ብቻ ሳይሆን የክስ ማስረጃም መሆን ጀመረ፤ ይህ ልዩነት ኋላ ላይ እየጎላ ይሄዳል።

በ2011 መጀመሪያ ሲኤንኤን «የተቆለፈባቸውና የተረሱ» የሚል መልእክት ያለው ዘጋቢ ፊልም አሰራጨ። ጋዜጠኛው ዴቪድ ማኬንዚ ነበር። ፊልሙ ሁለት ዓለም ያሳያል። አንደኛው የድሀ ቤት ነው፤ መታከሚያ ያጣች እናት የአእምሮ ዕክል ያለበትን ልጇን አስራ ወይም ቆልፋ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ሁለተኛው ማታሪ ነው። ካሜራው በአንድ ማግለያ ክፍል ውስጥ የተቆለፈበትን ሰው ከሌላ ታካሚ አስከሬን ጋር አንድ ላይ አገኘው። ሆስፒታሉ ከተከፈተ መቶ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ልጅን በገመድ ማሰር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በየጸበሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚጠመቅ ሕመምተኛ ያላየ ጥቂት ነው። ፊልሙ እናቲቱን ወንጀለኛ አላደረጋትም፤ ይህ ከጥንካሬዎቹ አንዱ ነው። ጥያቄውን ያዞረው አልጋውና ሐኪሙ የት ሄደ ወደሚለው ነበር።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ «የታፈኑ አእምሮዎች» ሊባል የሚችል ርእስ ያለውን ሪፖርት አወጣ። ቸልተኝነቱ የአንድ ሆስፒታል ወይም የጥቂት ነርሶች ጥፋት ሳይሆን የሥርዓቱ ነው አለ፤ በጀቱ ከቁጥር የማይገባ፣ አልጋውና ባለሙያው ናይሮቢ ላይ የተከማቸ፣ ሕጉም የ1989ኙ አሮጌ ሕግ ነበር። በግንቦት 2013 አርባ ያህል ወንድ ታካሚዎች ከማታሪ አምልጠው ሲወጡ ወሬው አገሩን አዳረሰ። አብዛኛው ዘገባ ሰዎቹ ለሕዝብ አደገኛ ይሆኑ ይሆን በሚል ፍርሃት የተሞላ ነበር፤ ለምን ሸሹ የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ ነው የመጣው። በጊቢው ሌላ የማይታይ እስርም አለ፦ ወንጀል ፈጽመው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ ያልተባሉ ሰዎች «በፕሬዚዳንቱ ፈቃድ» ይያዙ ስለነበር የሚወጡበት ቀን አይታወቅም። ይህን አያያዝ የኬንያ ፍርድ ቤቶች በተለያዩ መዝገቦች ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ብለውታል።

በመስከረም 2015 ዳኛ ሙምቢ ንጉጊ በፑምዋኒ ጉዳይ የሰጡት ፍርድ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ ይይዛል። ከሳሾቹ ሁለት እናቶች ነበሩ። አንደኛዋ በ2010 ከወለደች በኋላ ዕዳዋን መክፈል ስላልቻለች ከጨቅላ ልጇ ጋር ተይዛ፣ ውሃው ከሚፈስ መጸዳጃ አጠገብ ወለል ላይ ስታድር ቆይታለች። ሁለተኛዋ ለመውጣት ስትሞክር ተይዛ ከአልጋ ጋር በካቴና ታስራለች። ፍርድ ቤቱ እስሩ ሕገ ወጥ፣ አያያዙም ጭካኔና ክብርን የሚነካ ነው ብሎ ካሳ ወሰነላቸው። በ2007 በሪፖርት ገጽ ላይ የነበረው ነገር ስምንት ዓመት ቆይቶ የፍርድ ቤት ቃል ሆነ። ሚኒስትር ይቀየራል፣ ዜና ይረሳል፤ ፍርድ ግን ሌላ ጠበቃ ይጠቅሰዋል።

ቀደም ሲል በነሐሴ 2013 በምዕራብ ኬንያ በቡንጎማ ሆስፒታል የሆነውም በኋላ ፍርድ ቤት ደረሰ። ማዋለጃው ክፍል ሞልቶ ስለነበር አንዲት ምጥ የያዛት እናት በእግሯ ስትሄድ አቅቷት ኮሪደሩ ላይ ወደቀች፤ ሲሚንቶው ላይ ወለደች። የነቃችው ነርሶች በጥፊ ሲመቷትና ወለሉን አቆሸሽሽ ብለው ሲሰድቧት ነው። በስፍራው የነበረ ሰው በስልኩ ቀረጸው፤ ምስሉም በቴሌቪዥን ታየ። ካለ ስልኩ ቀረጻ ነገሩ ከዚያ ኮሪደር ባልወጣ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ መንግሥት በሕዝብ ተቋማት ወሊድ በነጻ እንዲሆን አውጆ ነበር፤ እናቲቱ የወለደችው ከአዋጁ ሁለት ወር በኋላ መሆኑ የነጻውን ሕክምና ሌላ ገጽ አሳየ፦ እናቶች ወደ ሆስፒታል መጡ፤ አልጋው ግን አልጨመረም። በመጋቢት 2018 ፍርድ ቤቱ 2.5 ሚሊዮን ሽልንግ ካሳ ወሰነላት።

2018 በናይሮቢ ከሁሉም የባሰ ዓመት ሆነ። በጥር ወር በኬንያታ ሆስፒታል የወለዱ እናቶች ሌሊት ልጆቻቸውን ሊያጠቡ ከፎቅ ፎቅ ሲሄዱ ጥቃት ይደርስባቸዋል የሚል ክስ በፌስቡክ ተነሥቶ ሰልፍ አስወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ የአንጎል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ትክክለኛው ታካሚ አለመሆኑ ታወቀ። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው በጭንቅላቱ ውስጥ ደም የረጋበት፣ ሌላው እብጠት ብቻ የነበረውና ቢላ የማያስፈልገው። የስም መለያቸው ተለዋወጠ። ሐኪሞቹ ስህተቱን ያወቁት የተከፈተው ጭንቅላት ውስጥ የረጋ ደም ሲያጡ፣ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊ በግዴታ ዕረፍት እንዲወጡ ተደረገ፤ የቀዶ ሕክምና ቡድኑም ታገደ። የሁለት ሰዎችን ስም ማሳሳት ለአንድ ነርስ ቀላል ስህተት ይመስላል፤ በአንድ ምሽት ስንት በሽተኛ በእጇ እንደነበረ የጠየቀው ግን ጥቂት ነው።

በጥቅምት ደግሞ አሶሺየትድ ፕሬስ የኬንያታን ሆስፒታል ማዕከል ያደረገ ምርመራ አወጣ። ድነው መውጣት ያልተፈቀደላቸው ሕሙማን በዘበኛ እየተጠበቁ እንደሚኖሩ አሳየ፤ ድርጊቱም ከ30 በላይ በሆኑ አገሮች እንዳለ ገለጸ። በኬንያ የታወቀ ነገር ነበር፤ አዲስ የሆነው በዓለም ዜና ላይ መውጣቱ ነው። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ የናይሮቢ አገረ ገዥ ማይክ ሶንኮ ፑምዋኒ ድረስ ሄዶ፣ የሞቱ የ12 ሕፃናት አስከሬን በካርቶንና በወረቀት ከረጢት ተቀምጦ ማግኘቱን በቀጥታ ሥርጭት አሳየ፤ አስተዳዳሪዎቹንም እዚያው አገደ። የሕዝቡ ቁጣ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ሆስፒታሉ የሚተዳደረው በአገረ ገዥው በራሱ አስተዳደር ነበር፤ ካሜራ ይዞ የገባው ሹም ራሱ ሊጠየቅበት በሚገባ ጉዳይ ጠያቂ ሆኖ ወጣ።

በተመሳሳይ ዓመት ቢቢሲ አፍሪካ አይ የተባለውን የምርመራ ፕሮግራም ጀመረ። በኅዳር 2020 ባሰራጨው ዘገባ አንዲት ጋዜጠኛ ሕፃን ፈላጊ መስላ ወደ ማማ ሉሲ ኪባኪ ሆስፒታል ቀረበች። የሆስፒታሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የተጣለ ሕፃን በ300,000 ሽልንግ ሊሸጥላት ተስማማ። ክሱ ሦስት ዓመት ፈጀ፤ በ2023 ሠራተኛው 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የድብቅ ካሜራ ውጤት ሲመዘን ይህ ፍርድ ሊጠቀስ ይገባል፤ ከዚያ በፊት በርካታ ዘገባዎች ያበቁት ኮሚቴ በማቋቋም ነበርና።

በዚያው በ2023 የፕሮግራሙ ዓይን ዌስትላንድስን አልፎ ዋያኪ ዌይን ይዞ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኪኩዩ አካባቢ በቶጎቶ ወደሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ዞረ። መጦሪያው የቤተ ክርስቲያን ነው። ሠራተኛ መስለው የገቡ ጋዜጠኞች አዛውንቶች ሲመቱ፣ በቂ ምግብና ሕክምና ሲነፈጉ በድብቅ ቀረጹ። ዘገባው ሲወጣ መንግሥት ጣልቃ ገባ። የመጦሪያ ነገር በኬንያም እንደ ኢትዮጵያ አዲስ ነው፤ ሽማግሌ በልጁ ቤት ይጦራል ተብሎ ሲታመን የኖረ ማኅበረሰብ ተቋሙን የሚቆጣጠር አካል አላዘጋጀም ነበር። የኬንያ የጋዜጠኞች የሥነ ምግባር ደንብ ማታለልን በመርህ ደረጃ ይከለክላል፤ የሚፈቅደው የሕዝብ ጥቅም ሲኖርና ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። በመጦሪያ ቤት ሌላ መንገድ አለ ለማለት አስቸጋሪ ነው፤ ጎብኚ በተጠራ ቀን አልጋው ይነጠፋል።

በዌስትላንድስና በፓርክላንድስ ያሉ የግል ሆስፒታሎች ከዚህ ሁሉ ርቀው ቆዩ ማለት ንጹሐን ናቸው ወይም ጥፋተኞች ናቸው ማለት አይደለም። ወደ እነርሱ ለመግባት አስቸጋሪ የሚያደርገው ነገር አለ። የሕዝብ ሆስፒታል ዋርድ በጠያቂ ዘመድ የተጨናነቀ ስለሆነ ስልክ የያዘ ሰው አይጠፋበትም፤ በግል ክፍል ውስጥ ከታካሚው ሌላ ምስክር የለም። በተጨማሪም የመገናኛ ብዙኃኑ አቋም አለ። በ1958 የተከፈተው የአጋ ካን ሆስፒታልና በ1960 መታተም የጀመረው ዴይሊ ኔሽን የተመሠረቱት በአንድ ቤት፣ በኢስማኢሊ ሙስሊሞች መሪ በአጋ ካን ቤት ነው። ሆስፒታሎች ማስታወቂያ ያወጣሉ፤ ጋዜጣም ማስታወቂያ ይፈልጋል። የግሉን ዘርፍ በር የከፈቱት ስለዚህ ሌሎች ናቸው። በ2020 መጀመሪያ ሁርሊንግሃም ከሚገኘው ናይሮቢ ዊመንስ ሆስፒታል ሾልኮ የወጣ የዋትሳፕ ንግግር ኃላፊዎች ስንት ሰው አልጋ ይያዝ፣ ስንት ሰውስ ቶሎ እንዳይወጣ ይደረግ ሲሉ ቁጥር ሲያስቀምጡ አሳየ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ከቦታቸው ገለል አሉ፤ ተቆጣጣሪው ምክር ቤትም ምርመራ ጀመረ። ካሜራም ጋዜጠኛም አልነበረበትም፤ የሥራ ባልደረቦች የስልክ ቡድን ብቻ።

ስለ ማታሪ የተጠራቀመው ዘገባና ሪፖርት በ2019 ወደ ሌላ ደረጃ ገባ። ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የአእምሮ ጤና ግብረ ኃይል እንዲቋቋም አዘዙ፤ ሰብሳቢው የአእምሮ ሐኪሙ ፍራንክ ንጄንጋ ነበሩ። ሪፖርታቸው በ2020 ወጣ። በሰኔ 2022 የ1989ኙን ሕግ ያሻሻለው ሕግ ተፈረመ፤ ታካሚው ስለ ሕክምናው ተነግሮት መስማማት እንዳለበት በግልጽ አስቀመጠ፤ ካውንቲዎችም በአእምሮ ጤና ላይ የራሳቸው ኃላፊነት እንዲኖራቸው አደረገ።

ለዕዳ መያዝ ግን በአንድ ሕግ አልቆመም። በጥቅምት 2024 በ1966 የተቋቋመው ብሔራዊ የጤና መድን ፈንድ ቀርቶ አዲሱ የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን ሥራ ጀመረ፤ መድኑ የማይሸፍነው ሂሳብ ግን አሁንም በታካሚው ላይ ነው። ቤተሰቡም የዋትሳፕ ቡድን ይከፍታል፣ ሐራምቤ የሚባለውን የመዋጮ ጥሪ ያደርጋል፣ መዋጮው በኤም-ፔሳ ቁጥር ይሰበሰባል። ዌስትላንድስ ውስጥ ሂሳቡ የሚቆጠረው በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች ስለሆነ፣ ዘበኛው የመውጫ ወረቀቱን አይቶ በሩን እስኪከፍት ድረስ መዋጮው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።